«ኩባንያው እኔ ነኝ» ብል ዳኛው «አይደሉም» አሉኝ

ባለማኅተሙ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ማክሰኞ ችሎት ፊት የደረሰብኝን ልንገራችሁና የሚያውቅ ያስረዳኝ።

አነስተኛ ኩባንያ አለኝ። የማቀዝቀዣ ክፍሎችን እንተክላለን፣ እንጠግናለን። ከመቶው ዘጠናው አክሲዮን የእኔ ነው፣ ዐሥሩ የእህቴ። ዳይሬክተሩ እኔ ነኝ፤ መሰላል ላይ የሚወጣው እኔ ነኝ፤ ደረሰኝ የሚቆርጠውም እኔው። ማኅተሙ የሚያድረው በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። አንድ አቅራቢ ሁለት ኮምፕረሰር ሸጠልን። አንደኛው በተተከለ በዐሥራ አንደኛው ቀን ተቃጠለ። ይቀየርልን ስንል «አተካከላችሁ ነው ያቃጠለው» አለን። የቀረውን ክፍያ ያዝንበት፤ ከሰሰን።

ክሱ የመጣው በኩባንያው ስም ነው። እውነቱን ለመናገር መጥሪያው ሲደርሰኝ ብዙም አልደነገጥኩም፤ ጉዳዩን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለማ። የኤሌክትሪኩን ኃይል ለክቼ በየቀኑ የጻፍኩበት ማስታወሻ ደብተር አለኝ። ፎቶግራፎች አሉኝ። ከሁሉም በላይ፣ በተቃጠለው ኮምፕረሰር ገላ ላይ የታተመው የፋብሪካ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም። ሌላ ዕቃ ነው የሰጡን! ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ የመከላከያ መልስ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ማኅተም መታሁበት። መዝገብ ቤትም ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበለኝ።

ቀኑ ደረሰ፤ መዝገባችን ተጠራ። ዳኛው ቀና ብለው «ለተከሳሽ ማን ቀረበ?» አሉ። 

«እኔ ነኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።» 

«ጠበቃ ነዎት?» 

«አይደለሁም፤ ባለቤቱ ነኝ።» 

«እርስዎ አልተከሰሱም፤ የተከሰሰው ኩባንያው ነው።» 

«ኩባንያው እኮ እኔ ነኝ!» 

«አይደሉም» አሉኝ። አልተቆጡም። ትኩሳት ያለበትን ሰው እንደሚያነጋግሩ ረጋ ብለው ነው። ጠበቃ ይዤ እንድመጣ፣ መልሱም በጠበቃ ተፈርሞ እንዲገባ ሃያ አንድ ቀን ሰጡኝ፤ ካልሆነ መልስ እንዳልተሰጠ እንደሚቆጠር ነግረውኝ ወደ ቀጣዩ መዝገብ አለፉ። ሁሉም ነገር ዐሥር ደቂቃ አልሞላም። ደብተሬን እንኳ አልገለጡትም።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ከእኔ በፊት የቆመው ሰው ነው። በቤት ኪራይ ተከስሶ፣ አንድ የሕግ አንቀጽ ሳይጠቅስ፣ ሁለት ጊዜ ራሱን እየተቃረነ ሃያ ደቂቃ ተከራከረ፤ ዳኛው አንገታቸውን እየነቀነቁ አደመጡት። ለእርሱ የተፈቀደ ለእኔ ለምን ይከለከላል? የጠየቅኳቸው ጠበቃ የነገሩኝ ክፍያ ከተከሰስኩበት ገንዘብ ሲሶውን ይወስዳል። ይህ ሕግ በሁሉም አገር እንዲሁ ነው? መውጫ የለውም?

አገሩን አልጠቅስም። ጉዳዩ ገና አልተዘጋም፤ ከሳሼም አማርኛ ያነባል።


የቀድሞዋ ነገረ ፈጅ፦

ወንድሜ፣ የሚያመውን ቦታ ሳይናገር መድኃኒት ጻፉልኝ የሚል ታማሚ ሆኑብኝ። የዚህ ጥያቄ መልስ ከአገር አገር ብቻ ሳይሆን በአንድ አገር ውስጥም ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ይለያያል። ነገር ግን ከዳኛው አነጋገር ተነስቼ የእንግሊዝን የሕግ ልማድ ከሚከተሉት አገሮች በአንዱ እንዳሉ እገምታለሁ።

ነገሩ ከአንድ ጫማ ሠሪ ይጀምራል። አሮን ሰሎሞን የሚባል የለንደን ቦት ጫማ አምራች ሥራውን ወደ ኩባንያ አዛወረ። ከ20,007 አክሲዮኖች 20,001ዱ የራሱ ሆኑ፤ የቀሩትን ስድስት ሚስቱና አምስት ልጆቹ አንድ አንድ ተካፈሉ። ከእርስዎ ዘጠና በመቶ በእጅጉ ይበልጣል ማለት ነው። ኩባንያው ሲከስር ሒሳብ አጣሪው «ይህ ኩባንያ የሰውየው ጭምብል ነው፤ ዕዳውን ራሱ ይክፈል» ብሎ ተከራከረ፤ የታችኞቹ ፍርድ ቤቶችም ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ1896 ጉዳዩ በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ዘንድ ሲደርስ ግን ውሳኔው ተገለበጠ። ኩባንያው በሕግ ፊት ከሰሎሞን የተለየ ሌላ ሰው ነው ተባለ፤ ሰሎሞንም ከዕዳው ነፃ ወጣ።

ያን ቀን ሰሎሞንን ያዳነው ቃልና ባለፈው ማክሰኞ እርስዎን ያስቆጣው ቃል አንድ ነው። ኩባንያዎ ነገ ቢከስር ቤትዎን ከገንዘብ ጠያቂ የሚጠብቅልዎት «ኩባንያው እርስዎ አይደሉም» የሚለው ሐረግ ነው። ያው ሐረግ ነው ችሎት ላይ አፍዎን የያዘው። ባለኪራዩ ሰውዬ እየተደናበረም ቢሆን የተናገረው ስለ ራሱ ነው። እርስዎ ግን በሕጉ ዓይን ስለ ሌላ ሰው ሊናገሩ ነው የቆሙት፤ ለሌላ ሰው በችሎት መናገር ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ የጥብቅና ሥራ ነው።

አሜሪካኖች ይህን ቀደም ብለው ነው የያዙት። ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1824 የተፈጥሮ ሰው ለራሱ ሊቀርብ ይችላል፣ ኩባንያ ግን በጠበቃ ካልሆነ ሊቀርብ አይችልም ብለው ጻፉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993ም በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ያው ደንብ እንደሚሠራ ደግሞ አጸናው። እዚያ «ባለ አንድ ሰው ኩባንያ ነው» ማለት አይጠቅምም።

የእርስዎ መንትያ ግን አየርላንድ ውስጥ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ የኩባንያ ዳይሬክተር፣ አብዛኛውን አክሲዮን የያዘ ሰው፣ «ኩባንያው ለጠበቃ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም፤ እኔ ልከራከርለት» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። አዘኑለት፣ ግን አልፈቀዱለትም። ኩባንያ ያቋቋመ ሰው የኩባንያን ጥቅም ፈልጎ የራሱን ማንነት በፈቃዱ ወደ ጎን አድርጓል፤ ራሱ በችሎት የመሰማት መብቱም አብሮ ቀርቷል፤ ምርጫው የራሱ ነበር አሉት። የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ነገሩን እንደገና ሲያየው ከእጅግ ልዩ ሁኔታ በቀር ደንቡን አልለወጠውም።

በእንግሊዝ በራሷ ደግሞ ገመዱ ላልቷል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ኩባንያው የወከለው ሠራተኛ ፍርድ ቤቱ ከፈቀደለት በሙሉ ክርክር ላይ እንኳ ሊቆም ይችላል፤ በአነስተኛ የገንዘብ ክርክር ችሎት ደግሞ ዳይሬክተርም ሆነ ሌላ ሠራተኛ መቅረብ ይችላል። የጀርመኑ አካሄድ ሌላ ነው፦ እዚያ የሚጠየቀው «ኩባንያ ነህ ወይስ ሰው?» ተብሎ ሳይሆን «የትኛው ፍርድ ቤት ነህ?» ተብሎ ነው። ላንድገሪሽት በሚባለው ከፍ ባለው ፍርድ ቤት ሰውም ኩባንያም ያለ ጠበቃ አይቀርብም፤ ዝቅ ባለው ፍርድ ቤት በተለመደው የገንዘብ ክርክር የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ሊቆም ይችላል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሁለት ነገር ያጣሩ። የተከሰሱበት ገንዘብ ወደ አነስተኛ ክርክር ችሎት የሚገባ ነው ወይ? ካልሆነስ የፍርድ ቤቱ ደንብ ዳይሬክተር በልዩ ፈቃድ እንዲከራከር ይፈቅዳል ወይ? የሃያ አንዱን ቀን ግን በእነዚህ ጥያቄዎች አይብሉት።


ዕዳ ከፋይ፦

ወንድሜ ባለማኅተሙ፣ የእኔን ስማ።

እኔም እንዳንተ ተናደድኩ። ልዩነቱ እኔ ንዴቴን ይዤ ቤቴ መቀመጤ ነው። የጭነት ማመላለሻ ኩባንያ ነበረኝ። ዳኛዋ ጠበቃ አምጣ ስትለኝ «የሰውን ላብ ለጠበቃ አላበላም» ብዬ ለፍርድ ቤቱ ደብዳቤ እጽፍ ጀመር። ስድስት ደብዳቤ። እያንዳንዱ በኩባንያው አርማ፣ በቀይ ማኅተም። አንድም መልስ አልመጣም። የመጣው ፍርድ ነው፤ ተከሳሽ ባለመቅረቡ በሌለበት ተወስኗል ይላል። በሌለሁበት! ሦስቱንም ቀጠሮ እኮ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት ጠበቃ ፍርዱን ለማስነሣት የጠየቀኝ ገንዘብ መጀመሪያ ለሙሉው ክርክር ከተጠየቅኩት በለጠ። ፍርዱ ተነሣ፤ ግን የባላጋራዬን የእስከዚያን ጊዜ ወጪ እንድከፍል ታዝዤ ነው።

አንድ ብልጠት ደግሞ ሰው ይነግርሃል፤ እኔንም ነግሮኝ ነበር፤ «ኩባንያው ያለውን የገንዘብ ጥያቄ በጽሑፍ ለራስህ አስተላልፍና በራስህ ስም ክሰስ» ይልሃል። ለመክሰስ እንጂ ለተከሰሰ ሰው ይህ አይሠራም፤ ዕዳ በወረቀት ወደ ራስ አይጎተትም። ለከሳሹም ቢሆን ዳኞች የዝውውሩ ዓላማ ጠበቃን መሸሽ ብቻ መሆኑን ካሸተቱ ብዙ ጊዜ አይቀበሉትም። እኔ መልሶ መክሰስ ፈልጌ ሞክሬው ነበር፤ የዳኛዋን ፈገግታ እስካሁን አልረሳውም።


መዝገብ አገላባጭ፦

እህታችን የቀድሞዋ ነገረ ፈጅ ሕጉን በሚገባ አስረድተዋል፤ ነገር ግን ለሕጉ ጥብቅና የቆሙለት ትንሽ በዝቶ ነው። የሰሎሞን ጉዳይ ኩባንያው ሌላ ሰው መሆኑን ያስረዳል፤ ያ ሌላ ሰው በማን አንደበት ይናገር የሚለውን አይመልስም። ኩባንያ ውል ሲፈርም በዳይሬክተሩ እጅ ነው የሚፈርመው፤ ማንም «እጁ የሌላ ሰው ነው» አይልም። ቼክ ሲጽፍ፣ ሠራተኛ ሲያሰናብት፣ ግብር ሲያሳውቅ ዳይሬክተሩ ኩባንያውን ሆኖ ነው የሚሠራው። ችሎት በር ላይ ሲደርስ ብቻ እንግዳ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ለእኔ ከምክንያቶቹ አንዱ የጠበቆች እንጀራ ነው፤ ቅር አይበላችሁ።

እንግሊዝ በሩን ከከፈተች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ፍርድ ቤቶቿ አልተዘጉም። ደቡብ አፍሪካን ደግሞ እዩ። በአነስተኛ ክርክር ፍርድ ቤቷ ኩባንያ መክሰስ አይችልም፣ መከሰስ ግን ይችላል፤ ሲከሰስም የሚቀርበው በሰየመው ዳይሬክተር ወይም ኃላፊ ነው። በዚያ ችሎት ጠበቃ ጭራሽ አይገባም! የላይኞቹ ፍርድ ቤቶችም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ እንደ ጉዳዩ ሁኔታ ጠበቃ ያልሆነ ሰው ለኩባንያ እንዲናገር የመፍቀድ ሥልጣን እንዳላቸው ተወስኗል።

የእኛውን የኢትዮጵያን ሕግ ያነበበ ሰውም በዚህ ክርክር ይደነቃል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 57 ተከራካሪው ራሱ፣ በወኪሉ ወይም በጠበቃው መቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሥራ አስኪያጅ ሹመቱን የሚያሳይ ሰነድ ይዞ ችሎት ቢቆም እንግዳ አይሆንም። እዚያ ሰው የሚሰናከለው በወረቀቱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ብቻውን ለመክሰስና ተከስሶ ለመከራከር አይበቃም፤ ልዩ ሥልጣን ተለይቶ መሰጠት አለበት። «ማናቸውንም ሥራዬን እንዲሠራልኝ» የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ወኪል በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማለትም ዋናው ክርክር ሳይጀመር፣ የሚመለሰው ለዚህ ነው።


የቀድሞዋ ነገረ ፈጅ፦

ወንድሜ መዝገብ አገላባጭ፣ ስለ እንጀራው አልክድም። ዐሥራ አራት ዓመት የበላሁት እርሱን ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልመልስልዎት፤ ዳይሬክተሩ ዳኛ ቢያሳስት ማን ይቀጣዋል? ጠበቃ ሐሰተኛ ሰነድ እያወቀ ቢያቀርብ ፈቃዱን ያጣል። ፋይዳ የሌለው ክርክር እየጎተተ ባላጋራውን ቢያስወጣ ከኪሱ እንዲከፍል የሚታዘዝበት አጋጣሚ አለ። ባዶ ካዝና ያለው ኩባንያ ዳይሬክተር ግን የፈለገውን ያህል ካከራከረ በኋላ ወጪና ኪሳራው በኩባንያው ላይ ይፈረዳል፤ ኩባንያው ደግሞ ምንም የለውም። ኃላፊነቱ የተወሰነ ነውና በነፃ ይጮኻል፤ ሌላው ይከፍላል። የኩባንያውና የዳይሬክተሩ ጥቅም የሚለያይበት ጊዜም አለ። ዘጠና በመቶው የሚለውን ሁሉ ዐሥር በመቶዋ እህት ትስማማበታለች ብለን ነው?

እንግሊዝ የመረጠችው መንገድ፣ ዳኛው ሰውየውን አይቶ፣ የጉዳዩን ክብደት መዝኖ ይፍቀድ የሚለው፣ ለእኔም የተሻለ ነው። አየርላንድ ጨክናለች።


ባለማኅተሙ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰሎሞንን ባገኘው ጫማ አዝዘው ነበር።

ሁለት ነገር ሳልነግራችሁ ቀረሁ፤ አንደኛውን አፍሬ ነው። ኮምፕረሰሮቹን በዱቤ ስንወስድ አቅራቢው «ኩባንያችሁ አዲስ ነው» ብሎ የግል ዋስትና አስፈርሞኛል። ትናንት ክሱን እንደገና ሳነበው ለካ ሁለተኛ ተከሳሽ ሆኜ በራሴ ስም ገብቻለሁ። ዳኛው «እርስዎ አልተከሰሱም» ሲሉ እርሳቸውም አላዩትም፣ እኔም አላየሁትም። ሦስት ሌሊት የጻፍኩት መልስ ስለ ኩባንያው ብቻ ነው የሚናገረው!

ሁለተኛው፣ የገንዘቡ መጠን ከአነስተኛ ክርክር ጣሪያ በጥቂቱ ይበልጣል። በጥቂቱ። አጣርቻለሁ።

እና አሁን ያ የጻፍኩት መልስ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሊገባ ነው ወይ? ኩባንያው ምንም እንዳልተናገረ ይቆጠራል?


የቀድሞዋ ነገረ ፈጅ፦

ያፈሩበት ነገር እኮ ነው ጉዳዩን የለወጠው! ሁለተኛ ተከሳሽ ከሆኑ በራስዎ ስም ያለ ጠበቃ መቆም ይችላሉ። በአንድ ችሎት ሁለት አፍ አለዎት፤ አንዱ ተለጉሟል፣ አንዱ ክፍት ነው። ዋስ የሚከራከርበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ባለዕዳ ከሚከራከርበት ጋር አንድ ነው፤ የተሰጠን ዕቃ የተዋዋልነው ዕቃ ካልሆነና ዕዳው ከሌለ ዋስትናው ምን ላይ ይቆማል? ነገር ግን የፈረሙትን ወረቀት በጥንቃቄ ያንብቡ። አንዳንዱ የዋስትና ውል ዋሱ የባለዕዳውን መከራከሪያ እንዳያነሣ አስቀድሞ ያስፈርማል። ደግሞም ለራስዎ ረትተው ኩባንያው መልስ ባለመስጠቱ ሊፈረድበት ይችላል። በራስዎ ስም መልስ የሚሰጡበት ቀን አልፎ እንደሆነ ጠዋት ተነሥተው መዝገብ ቤት ይጠይቁ፤ የእኔን መልስ እንኳ አንብበው አይጨርሱ።

ስለ ጻፉት መልስ፦ አንዳንድ ፍርድ ቤት ጠበቃ ያልፈረመበትን የኩባንያ ጽሑፍ ከነጭራሹ እንዳልተጻፈ ይቆጥረዋል። ሁሉም ግን እንዲህ አይጨክኑም። በአሜሪካ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ያየው ጉዳይ አለ። የአንድ የቆሻሻ ማስወገጃ ኩባንያ ፕሬዚዳንት በቺካጎ ከተማ የተጣለበትን ቅጣት ለመቃወም የፍርድ ቤቱን ቅጽ ራሱ ሞልቶ አስገባ። ከተማዋ «ጠበቃ አይደለም፤ ያስገባው ሁሉ ከንቱ ነው» አለች። ፍርድ ቤቱ ሰውየው ባደረገው ነገር ስሕተት መኖሩን ተቀብሎ፣ ቅጣቱ ግን የግድ መዝገቡን መሰረዝ መሆን የለበትም አለ። የሚታየው ሰውየው ክልክል መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ፣ ስሕተቱን ቶሎ አርሟል ወይ፣ የሠራው ነገር ምን ያህል ነው፣ ሌላው ወገን ተጎድቷል ወይ የሚለው ነው። የእርስዎም ዳኛ «በጠበቃ ተፈርሞ ይግባ» ማለታቸው በዚሁ መንፈስ ነው። አልጣሉትም፤ አንጠልጥለውታል።

ስለ ክፍያው፦ ጠበቃን ለሙሉ ክርክር መያዝ ግዴታ የማይሆንባቸው ቦታዎች አሉ። መልሱን አይቶ፣ አርሞ፣ ፈርሞ እንዲያስገባና በአንድ ቀጠሮ እንዲቆም ብቻ መዋዋል ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። የእርስዎን ዓይነት ደንበኛ ጠበቃ ይወድዳል፦ ማስረጃው የተደረደረ፣ ፎቶግራፉ ቀን የተጻፈበት። የሚከፈለው ለማፈላለግ ሰዓት ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ፤ ተከለከሉ የተባሉት ለኩባንያው መከራከርን እንጂ መመስከርን አይደለም። የቮልቴጁን ደብተር፣ የፋብሪካውን ቁጥር፣ ዐሥራ አንደኛውን ቀን በምስክር ወንበር ላይ ተቀምጠው ይናገሩታል፤ ያን ጊዜ ዳኛው ገጽ ይገልጣሉ። ከችሎት ውጭ ከአቅራቢው ጋር ተደራድሮ ስምምነት መፈረምም የዳይሬክተር ሥልጣንዎ ነው፤ ለዚያ ማንም ፈቃድ አይጠይቅዎትም፣ የኩባንያው መተዳደሪያ ደንብ ካልገደበዎት በቀር።


ባለማኅተሙ፦

ሳልዘገይ ልንገራችሁ። በራሴ ስም መልስ የማቀርብበት ቀን አራት ቀን ቀርቶት ነበር! ትናንት አስገባሁ፤ በዚህኛው ላይ ማኅተም አልመታሁበትም።

አንዲት ጠበቃ ደግሞ የኩባንያውን መልስ ብቻ አይታ ለመፈረምና በቀጣዩ ቀጠሮ ለመቆም ተስማምታለች፤ ክፍያው መጀመሪያ ከሰማሁት ግማሽ አይሞላም። ሦስት ሌሊት ከጻፍኩት ዐሥራ ሰባት ገጽ ዐሥራ ሦስቱን ሰረዘችው። የፋብሪካውን ቁጥር የሚናገረው አንቀጽ ገጽ ዐሥራ አራት ላይ ነበር፤ ወደ አንደኛው ገጽ አወጣችው። ስለ አቅራቢው ጠባይ የጻፍኩትን ሁሉ አወጣችብኝ፤ እርሱ ቅር ብሎኛል።

እርስዋን ለመወከል የኩባንያው ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል ተብያለሁ። እህቴ ሌላ ከተማ ናት፤ ዐሥር በመቶ ይዛ ነገ በአውቶቡስ ትመጣለች። ፊርማዋን በኢሜይል መላክ ይበቃ እንደነበር የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ዛሬ ማታ ንገሩኝ፤ ቲኬቱ እስከ ሦስት ሰዓት ይመለሳል።